ዙሩን ከሚያከርረው አትሌት ምን ይጠበቅ?

አዲስ አበባ፦ በማለዳ ከካዛንቺስ ቁልቁል ወርዶ መስቀል አደባባይ ለሚደርስ ሰው አንድ የተለመደ ትዕይንት አለ። ወጣት ሯጮች በአደባባዩ ደረጃዎች ላይ ረድፍ ይዘው ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳሉ። ከፊት ያለው ነፋሱን ይገምሳል፤ ፍጥነቱንም ይወስናል። ከኋላ ያሉት እርምጃውን እየተከተሉ ጉልበታቸውን ይቆጥባሉ። ከጥቂት ምልልስ በኋላ የፊተኛው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሌላው ይተካዋል። ተራው ሲደርስ ማንም አያጉረመርምም። የነገው ተራ የሌላው መኾኑን ሁሉም ያውቃልና።

ይህ የማለዳ ሥርዓት በዓለም አደባባይ ሲደርስ ግን መልኩን ይቀይራል። እ.አ.አ በመስከረም 2025 ቶኪዮ ላይ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ቻምፒዮና ኢትዮጵያ በኹለት የብር እና በኹለት የነሐስ ሜዳሊያ፣ ያለ ወርቅ ተመልሳለች። በ10 ሺህ ሜትር ወንዶች ውድድር ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲየር በ28 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ከ77 መቶኛ ሲያሸንፍ፣ ዮሚፍ ቀጄልቻ በ6 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ ኹለተኛ ኾኗል። ሩጫው እጅግ ዝግ ያለ ነበር። ዙሩን አክርሮ ፈጣን አጨራረስ ያላቸውን ተፎካካሪዎች የሚያደክም ሰው አልተገኘም።

ከውድድሩ በኋላ በሻይ ቤቱም በገበያውም ተደጋግሞ የተሰማው ጥያቄ አንድ ነው። “ለምን አንዱ ወጥቶ አልጎተተም?” የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ዙሩን የሚያከርረው አትሌት ከፍ ያለ ነገር ሲጠበቅበት፣ እርሱስ ከጠባቂዎቹ ምን ያገኛል?

የአንድ ሙያ ሰው

በረዥም ርቀት ሩጫ ከፊት ኾኖ መምራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሚመራው አትሌት አየሩን እየገፋ፣ የእያንዳንዱን ዙር ሰዓት በአእምሮው እያሰላ፣ ከኋላው ያለው ምን እንደሚያስብ ሳያይ ይሮጣል። የሚከተለው ግን ከኹሉም ሐሳብ ተገላግሎ እግሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። በታላላቅ ከተሞች ማራቶንና በግል ውድድሮች አዘጋጆች ለዚህ ሥራ አሯሯጮችን በክፍያ ይቀጥራሉ። በኦሊምፒክና በዓለም ቻምፒዮና ግን የሚቀጠር አሯሯጭ የለም። ሥራውን የሚሠራው ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ራሱ ሜዳሊያ የሚፈልግ አትሌት።

ኢትዮጵያ ይህን ሙያ ቀድመው ካወቁት አገሮች አንዷ ናት። እ.አ.አ በ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር “ማርሽ ቀያሪው” ምሩፅ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድር እና ቶሎሳ ቆቱ ከፊንላንዳውያኑ ላሲ ቪረን እና ካርሎ ማኒንካ ጋር ተፋጠጡ። ሦስቱ ኢትዮጵያውያን ፍጥነቱን በተራ እየጨመሩና እየቀነሱ የተፎካካሪዎቻቸውን ምት አናወጡ። በመጨረሻው ዙር ምሩፅ ማርሹን ቀይሮ ወርቁን ወሰደ። መሐመድ ከድር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ ወጣ። ዛሬ ምሩፅን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ቶሎሳ ቆቱን የሚያስታውሰው ግን ምን ያህሉ ነው? ሆኖም ያለ እነርሱ ልፋት የምሩፅ ድል እንዲህ ይቀል እንደነበር የሚናገር የለም።

ሌላው ታላቅ ምሳሌ እ.አ.አ በ2003 የፓሪሱ የዓለም ቻምፒዮና ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዚያን ጊዜ የኹለት ኦሊምፒክና የአራት ዓለም ቻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ባለ ወርቅ ነበር። እንዲያም ኾኖ ከፊት ወጥቶ የሩጫውን ከባድ ክፍል ተሸከመ። የመጨረሻው 5 ሺህ ሜትር ከ13 ደቂቃ በታች ተሮጠ። ወጣቱ ቀነኒሳ በቀለ አሸነፈ፤ ኃይሌ ኹለተኛ፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ ኾኑ። አንድ አገር መድረኩን ሙሉ ለሙሉ ያዘች። በእነዚያ ዓመታት “አረንጓዴው ጎርፍ” የሚለው ስም የተለመደውም በከንቱ አልነበረም። ከኹለት ዓመት በኋላ በሄልሲንኪ ሴቶቹ ይህንኑ ደገሙት። በ10 ሺህ ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ፣ ብርሃኔ አደሬ እና እጅጋየሁ ዲባባ ተከታትለው ገቡ። በ5 ሺህ ሜትር ደግሞ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያሉትን ደረጃዎች ኢትዮጵያውያን ያዙ። እጅጋየሁ በኹለቱም ርቀት የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች።

ከእነዚህ ታሪኮች የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። የሚጎትተው አትሌት ደካማው አልነበረም። መሐመድ ከድርም ኃይሌም ራሳቸው ሜዳሊያ ላይ መድረስ የሚችሉ ነበሩ። ከፊት መውጣታቸው ተፎካካሪውን ያስፈራውም ስለዚህ ነው። ሊያሸንፍ የማይችል ሰው ቢሮጥ ማን ይከተለዋል?

መጎተት ብቻውን ሲቀር

ይህ የመጨረሻው ነጥብ እ.አ.አ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በሚገባ ታይቷል። የኡጋንዳው ስቴፈን ኪሳ በ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ገና በጊዜ ተነጥሎ ሰፊ ርቀት ከፈተ። ዓላማው ሩጫውን አፍጥኖ የቡድን ጓደኞቹን መጥቀም ነበር። ነገር ግን ጓደኞቹም ሌሎቹም አልተከተሉትም። ኪሳ ለብቻው ደክሞ ውድድሩን አቋረጠ። ወርቁን የወሰደው በኋላ ተሰብስቦ የጠበቀው ኢትዮጵያዊው ሰለሞን ባረጋ ነበር። ጆሹዋ ቼፕቴጌ እና ጃኮብ ኪፕሊሞ ለኡጋንዳ ብርና ነሐስ አመጡ። የኪሳ ልፋት ግን ለማንም ሳይጠቅም ባከነ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በፓሪስ ነገሩ ተገለበጠ። እ.አ.አ ነሐሴ 2 ቀን 2024 በሪሁ አረጋዊ፣ ዮሚፍ ቀጄልቻ እና ሰለሞን ባረጋ በተራ ከፊት እየወጡ ዙሩን አከረሩት። ሩጫው በኦሊምፒክ ታሪክ ፈጣኑ ኾነ። የቀነኒሳ በቀለ የቤጂንግ ክብረ ወሰን በአንድ ምሽት ከአሥር በላይ በኾኑ አትሌቶች ተሻሻለ። ነገር ግን በመጨረሻ ቼፕቴጌ ወጥቶ በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ከ14 መቶኛ አሸነፈ። በሪሁ በ30 መቶኛ ሰከንድ ተቀድሞ ብር አገኘ። አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር ከበሪሁ በኹለት መቶኛ ብቻ ዘግይቶ ሦስተኛ ኾነ። ዮሚፍ ስድስተኛ፣ ሰለሞን ሰባተኛ ወጡ።

እነዚህን ኹለት ውድድሮች፣ የፓሪስን እና የ2025ቱን ቶኪዮ፣ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። በአንደኛው ኢትዮጵያውያኑ ጎተቱ፤ በሽርፍራፊ ሰከንድ ተሸነፉ። በሌላኛው አልጎተቱም፤ አሁንም በሽርፍራፊ ሰከንድ ተሸነፉ። ስለዚህ ችግሩ መጎተት ወይም አለመጎተት ብቻ አይደለም። በፓሪስ ሦስቱም ጎትተዋል፤ ሦስቱም ለራሳቸው ለመጨረስ ተስፋ አድርገዋል። ሥራው ለሦስት ተከፋፈለ እንጂ ማን እንደሚለፋ፣ ለማን እንደሚለፋ እና ማን ጉልበቱን ጠብቆ እንደሚጨርስ ተለይቶ የታየ ነገር አልነበረም። በሞስኮና በ2003ቱ ፓሪስ ግን የመጨረሻው ዙር ባለቤት ማን እንደኾነ ሩጫው ራሱ ይናገር ነበር።

ከቅርጫት ኳስ ሜዳ

ይህ ጥያቄ የሩጫ ብቻ አይደለም። በቅርጫት ኳስ በአንድ ጊዜ አምስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ከእነርሱ መካከል ብዙ ነጥብ የሚያስቆጥረው አንድ ወይም ኹለት ነው። ሌሎቹ አንድ ሥራ ተለይቶ ይሰጣቸዋል። አንዱ የተቃራኒውን አስቆጣሪ ይከላከላል፤ ሌላው የተሳቱ ኳሶችን ይሰበስባል። አሜሪካዊው ዴኒስ ሮድማን ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በአማካይ በአንድ ጨዋታ ያስቆጠረው ከስምንት ነጥብ ያነሰ ነበር። የተሳቱ ኳሶችን በመሰብሰብ ግን እ.አ.አ ከ1992 እስከ 1998 ለሰባት ተከታታይ የውድድር ዘመን ከሊጉ አንደኛ ኾኗል። በኹለት ክለቦች አምስት ዋንጫ አንስቷል። ማንም አሠልጣኝ እንደ ማይክል ጆርዳን አስቆጥር ብሎ አልጠየቀውም።

ሌላው ብሩስ ቦወን ነው። በሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ክለብ ሥራው መከላከል ነበር። ክለቡ ከዚህ በላይ ጠበቀበት፤ የጠበቀበት ነገር ግን ውሱን ነበር። ከሜዳው ጥግ፣ ማንም ሳያየው ሲቀር፣ ባለ ሦስት ነጥቡን ኳስ እንዲያስገባ ነው። ያቺን አንድ ቦታ ደጋግሞ ሠራባት። እ.አ.አ በ2002-03 የውድድር ዘመን ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ በሦስት ነጥብ ሙከራ ስኬት አንደኛ ኾነ፤ ከመቶ ሙከራ 44 ያህሉን አስገብቷል። በዚያው ዓመት ክለቡ ዋንጫ አነሣ። ቦወን ሌላ ሰው እንዲኾን አልተጠየቀም። በሚያውቀው ሥራ ላይ አንዲት ተጨማሪ ነገር ታከለችለት፤ የሚለማመድበት ጊዜና የሚቆምበት ቦታም ተሰጠው።

አርሶ አደሩ ይህን ከማሳው ያውቀዋል። ባቄላ ከስንዴ ጋር እየተፈራረቀ የሚዘራው እንደ ስንዴ ምርት ይሰጣል ተብሎ አይደለም። በሥሩ ላይ በሚኖሩ ጥቃቅን ተህዋስያን አማካኝነት ከአየር ናይትሮጅን ይዞ ለቀጣዩ ሰብል መሬቱን ስለሚያዘጋጅ ነው። ባቄላውን “ለምን እንደ ስንዴ አልሰጠህም?” ብሎ መውቀስ ስንፍና ነው። ከባቄላው የተሻለ ነገር መጠበቅ ግን ይቻላል። መሬቱ አሲዳማ ከኾነ ኖራ ይጨመራል፤ ዘሩ ይመረጣል፤ በጊዜው ይታረማል። ያን ጊዜ ለራሱም ያፈራል፤ ለስንዴውም ይተርፋል። ምንም ሳይጨምሩ ብዙ መጠበቅ ግን በደሃ መሬት ላይ የዘሩትን ዘር መራገም ነው።

ደቦ ወይስ ወንፈል?

ዙሩን ከሚያከርረው አትሌት ጋር ያለው ዋና ችግር እዚህ ላይ ነው። በዓለም ቻምፒዮና የገንዘብ ሽልማት የሚከፈለው ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ለሚወጡ ብቻ ነው። አንደኛው 70 ሺህ ዶላር ያገኛል፤ ስምንተኛው 5 ሺህ ዶላር። ዘጠነኛው ምንም የለውም። በፓሪስ ኦሊምፒክ የዓለም አትሌቲክስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው 50 ሺህ ዶላር ደግሞ ለወርቅ ባለቤቶች ብቻ ነበር። እንግዲህ ለስምንት ኪሎ ሜትር ከፊት ኾኖ ነፋስ የገመሰ፣ በመጨረሻም እግሩ ከድቶት አሥረኛ የወጣ አትሌት ለአገሩ ወርቅ አስገኝቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከውድድሩ ሽልማት ቤተሰቡን ሊረዳ፣ ለወላጆቹ ቤት ሊሠራ ያሰበ ወጣት “ውጣና ጎትት” ሲባል ቢያመነታ ሊደንቅ አይገባም።

የረዥም ርቀት አትሌቶች አብዛኞቹ የገጠር ልጆች ናቸው። የአንድ ጥሩ ዓመት ገቢ የአንድን ቤተሰብ ሕይወት ይቀይራል። የሯጭ ዕድሜ አጭር ነው፤ አንድ ጉዳት ዓመታትን ይበላል። ስለዚህ “ለአገር ሲባል” የሚለው ቃል ብቻውን ለዚህ ሥራ በቂ ደመወዝ አይኾንም።

በገጠር የጋራ ሥራ ኹለት መልክ አለው። ደቦ ሲጠራ ባለማሳው ደግሶ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወንፈል ግን ብድር ነው። ዛሬ በአንተ ማሳ የሠራሁትን ቀን ነገ በእኔ ማሳ ትመልሰዋለህ። ወንፈል የማይመልስ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ብቻውን ያርሳል። አሁን ከአሯሯጩ የሚጠየቀው ነገር ድግስ የሌለው ደቦ ይመስላል። መኾን ያለበት ግን ወንፈል ነው።

ወንፈል ለማድረግ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ ሥራው ከውድድሩ በፊት በግልጽ መከፋፈል አለበት። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት የምታሰልፈው ቢበዛ ሦስት አትሌት ነው። ምርጫው በማጣሪያ ሰዓትና ደረጃ ብቻ ሲከናወን ሦስት አጨራሾች ወይም ሦስት ጎታቾች ሊገኙ ይችላሉ። ሦስት በሬዎች ቢኖሩም ጥንዱ ካልተስማማ ትልሙ ይጣመማል። ለፓሪስ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ማጣሪያው የተካሄደው በስፔን ኔርሃ ነበር። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አዲስ አበባ ስታዲየም ለረዥም ጊዜ በእድሳት ላይ መቆየቱ ደግሞ አትሌቶች በአገራቸው መም ላይ፣ በሕዝባቸው ፊት አብረው የሚሮጡበትን አጋጣሚ አጥብቦታል። የቡድን ሥራ በአውሮፕላን ውስጥ በሚደረግ ምክክር አይገነባም። አብሮ በመሮጥ ይገነባል።

ኹለተኛው፣ የለፋው ሰው ከድሉ ድርሻ ይኑረው። ወርቅ ያመጣው አትሌት በሚሸለምበት ቀን ያስመጣውም በስም ተጠርቶ ይሸለም። ውለታው በቃል ሳይኾን አስቀድሞ በተጻፈ ደንብ ይታወቅ።

ሦስተኛው፣ ተራ ይኑር። ዛሬ የጎተተው በሚቀጥለው ውድድር የሚጎተትለት ይኹን። በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ በየማለዳው የሚታየውም ይኸው ነው።

ከተጠባባቂነት ወደ ወርቅ

ይህ ሁሉ ሲባል ከባለ አንድ ሥራው አትሌት ከፍ ያለ ነገር መጠበቅ አይገባም ማለት አይደለም። እንዲያውም የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ታሪክ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው። ታምራት ቶላ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን የተመዘገበው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ቦታውን ተረከበ። እ.አ.አ ነሐሴ 10 ቀን 2024 ያንን ኮረብታማ መንገድ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አጠናቆ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። በፓሪስ ኢትዮጵያ ያገኘችው ብቸኛ ወርቅም ይኸው ነበር። ትዕግሥት አሰፋ በ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች።

በክፍያ የተቀጠሩ አሯሯጮችም ቢኾኑ እስከ መጨረሻው ሮጠው ያሸነፉበት ጊዜ አለ። አሜሪካዊው ፖል ፒልኪንግተን እ.አ.አ በ1994 በሎስ አንጀለስ፣ ኬንያዊው ሳይመን ቢዎት በ2000 በበርሊን አሯሯጭ ኾነው ገብተው ማራቶኑን አሸንፈዋል።

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ አንድ የጋራ ነገር አለው። ማንም ድንገት “ከዛሬ ጀምሮ ኮከብ ኹን” ብሎ አላዘዛቸውም። ታምራት ተጠባባቂ ሳለም የተዘጋጀው እንደ ተሰላፊ ነበር። ቀድሞም በ2022 የዓለም ቻምፒዮና የማራቶን ባለ ወርቅ፣ በ2023 የኒው ዮርክ ማራቶን አሸናፊ ነበር። ዕድሉ ሲመጣ ያገኘው ዝግጁ ኾኖ ነው። ከባለ አንድ ሥራው አትሌት የሚጠበቀው ተጨማሪ ነገርም ይኸው መኾን አለበት። ሥራውን በሚገባ ይሥራ፤ ለሌላውም ዝግጁ ይኹን። የሚያዘጋጀው ደግሞ እርሱ ብቻ አይደለም። አሠልጣኙ የአጨራረስ ልምምድ ለጎታቹም ሊሰጠው፣ ፌዴሬሽኑም የውድድር ዕድል ሊከፍትለት ይገባል።

በዚህ ረገድ አንድ መልካም አጋጣሚ አለ። እ.አ.አ በ2024 መጨረሻ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ኾኖ የተመረጠው ስለሺ ስህን ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ በእግሩ ያውቀዋል። በ10 ሺህ ሜትር በአቴንስ፣ በሄልሲንኪ፣ በኦሳካ እና በቤጂንግ አራት ጊዜ ብር አግኝቷል፤ አራቱንም ጊዜ ከቀነኒሳ በቀለ ቀጥሎ። ለጓደኛ መልፋት ምን እንደሚጠይቅ፣ ኹለተኛነትም ምን እንደሚመስል ለእርሱ ማንም አያስተምረውም። ለሚጎትተው አትሌት ደንብና ድርሻ የማውጣት ሥልጣንም በሚመራው ተቋም እጅ ነው።

የሚቀጥለው የዓለም ቻምፒዮና በ2027 በቤጂንግ፣ ቀጣዩ ኦሊምፒክ በ2028 በሎስ አንጀለስ ይካሄዳል። እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ ረዥም አይደለም። ተመልካቹም የራሱ ድርሻ አለው። በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ ወጥቶ ዙሩን ሲያከርር፣ ኋላም ደክሞ ሲቀር፣ “ተሸነፈ” ከማለቱ በፊት ከእርሱ በኋላ ማን እንደገባ ይመልከት። ከዚያም “ለዚህ ሰው ምን ተደረገለት?” ብሎ ይጠይቅ። ወንፈል የወጣለት ሰው ብድሩን ካልመለሰ፣ በሚቀጥለው ክረምት ማንም ወደ ማሳው አይመጣም።